ቫልተር ሚትልሆልትዘር፦ የአልፕስን በረዶ ከሰማይ ያነሳውና እስከ አዲስ አበባ የበረረው ፎቶግራፍ አንሺ

በ1934 መጀመሪያ አንድ ባለ ሦስት ሞተር ፎከር አውሮፕላን ከስዊዘርላንድ ተነስቶ፣ ሜዲትራኒያን ባሕርን ተሻግሮና ረጅሙን የአፍሪካ ጉዞ አጠናቅቆ አዲስ አበባ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) አውሮፕላኑ ለንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሚረከብ ነበር። መሪውን የጨበጠው ሰው ደግሞ ከአብራሪነቱ በፊት ፎቶግራፍ አንሺ፣ ከፎቶግራፍ አንሺነቱ ጋር ተራራ ወጪ፣ በአገሩ ልጆች ዘንድ ደግሞ ስሙ በየቤቱ የሚታወቅ ጀግና ነበር።

ይህ ሰው ቫልተር ሚትልሆልትዘር ይባላል። ኢትዮጵያውያን ዛሬ ስሙን እምብዛም አያነሱትም። ሆኖም በዚያ ጉዞው ያነሳቸው የንጉሠ ነገሥቱ፣ የዋና ከተማዋና የሕዝቡ ምስሎች፣ ኢትዮጵያ በጣሊያን ከመወረሯ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በፊት የነበራትን ገጽታ ከሚያሳዩ ምስሎች መካከል ናቸው።

ዝናውን የገነባው ግን በአፍሪካ ሰማይ አልነበረም። የአልፕስ ተራሮችን በረዶ፣ በበረዶው መካከል የተተከሉትን ሆቴሎች፣ በገደሉ ላይ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ በማንሳት ነው። እነዚያ ምስሎች በጊዜያቸው በረዶን ለእንግዳ የሚያስተዋውቁ ነበሩ። ዛሬ ደግሞ በረዶው ምን ያህል እንደጎደለ ይመሰክራሉ።

የዳቦ ጋጋሪው ልጅ

ሚትልሆልትዘር የተወለደው ኤፕሪል 2 ቀን 1894 በምሥራቅ ስዊዘርላንድ በምትገኘው ሳንክት ጋለን ከተማ ነው። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ልጁ ግን የአባቱን ሙያ አልወረሰም። ልቡ በሁለት ነገሮች ተከፍሎ ነበር፤ አንደኛው ተራራ፣ ሁለተኛው ካሜራ። ፎቶግራፍ ማንሳትን በሙያነት ተማረ፤ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ ገደል መውጣትን ተለማመደ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ገለልተኛዋ ስዊዘርላንድ ገና በእግሯ ያልቆመ የአየር ኃይል ነበራት። ወጣቱ ሚትልሆልትዘር ወደዚያ ኃይል የገባው በፎቶግራፍ ሙያው ነው። በዘመኑ አውሮፕላን ለጦር ሠራዊት የነበረው ትልቁ ጥቅም ማየት ነበር፤ ማየት ደግሞ ካሜራ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ከአብራሪው ጀርባ ተቀምጦ መሬቱን ሲያነሳ የቆየው ወጣት ብዙም ሳይቆይ ራሱ ማብረር ፈለገ። በ1917 የአብራሪነት ፈቃድ አገኘ፤ በተከታዩ ዓመትም የወታደራዊ አብራሪነት ሥልጠናውን ፈጸመ።

እነዚህ ሦስት ችሎታዎች፣ ማለትም ማንሳት፣ ማብረርና ተራራ ማወቅ፣ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ብርቅ ነበር። ተራራን በእግሩ የወጣ ሰው ነፋስ በየትኛው ሸንተረር እንደሚገለበጥ፣ ደመና ከየትኛው ሸለቆ እንደሚነሳ፣ የፀሐይ ብርሃን የትኛውን ግድግዳ በየትኛው ሰዓት እንደሚመታ ያውቃል። ለፎቶግራፍ አንሺው ይህ እውቀት የምስሉ ውበት ነው፤ ለአብራሪው ደግሞ የሕይወትና የሞት ጉዳይ።

ኦገስት 1919፦ በሞን ብላን ዙሪያ

ጦርነቱ ካበቃ ከወራት በኋላ፣ በኦገስት 1919፣ ሚትልሆልትዘር ክንፎቹ በተደራረቡና መቀመጫው ክፍት በሆነ አውሮፕላን ወደ ሞን ብላን በረረ። ሞን ብላን ከ4,800 ሜትር በላይ የሚረዝም የአልፕስ ከፍተኛው ተራራ ነው። በዚያ ጉዞ ከሥሩ የተዘረጉትን ታላላቅ የበረዶ ግግሮች፣ ሜር ደ ግላስን፣ አርዣንቲየርንና ቦሶንን አነሳ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ምስል ማንሳት ምን ይጠይቅ እንደነበር ማሰብ ለዛሬ አንባቢ ይከብዳል። ካሜራው ከባድ ሳጥን ነው። ምስሉ የሚቀረጸው በመስታወት ሰሌዳ ላይ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምስል ክብደት አለው፣ ሊሰበር ይችላል፣ ቁጥሩም የተወሰነ ነው። በክፍት መቀመጫ ላይ ነፋሱ ካሜራውን ከእጅ ሊነጥቅ ይታገላል። ቅዝቃዜው ጣትን ያደነዝዛል። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ አእምሮም ሞተርም አብረው ይደክማሉ።

በረዶው ራሱም ፈታኝ ነው። ነጭ በረዶ ብርሃንን መልሶ ስለሚረጭ ምስሉ በቀላሉ ይቃጠላል፤ የብርሃኑን መጠን ለበረዶው ካስተካከሉት ደግሞ ድንጋዩና ጫካው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የዘመኑ ሰሌዳዎች ለሰማያዊ ብርሃን ከልክ በላይ ስሜታዊ ስለነበሩ የሩቁ ጭጋግ ሁሉን ያለብሰዋል። ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ለመቋቋም በሌንሱ ፊት ቢጫ ማጣሪያ ያደርጉ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላው ይረዝማል፤ ጥላው ሲረዝም በእኩለ ቀን ጠፍጣፋ የሚመስለው በረዶ ወገብና ትከሻ ያወጣል።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሚትልሆልትዘር ከአብራሪው አልፍሬድ ኮምት ጋር ሆኖ የአየር ላይ ፎቶግራፍና የመንገደኞች በረራ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ በ1920 በገንዘብ ከሚበልጠው አድ አስትራ አኤሮ ጋር ተቀላቀለ። አድ አስትራ በዙሪክ ሐይቅ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ነበሩት፤ ሚትልሆልትዘርም የኩባንያው ዳይሬክተርና ዋና አብራሪ ሆነ።

ሆቴል፣ ሐዲድና ፖስትካርድ

የሚትልሆልትዘርን ምስሎች ለመረዳት የአልፕስ ተራሮች በዚያ ዘመን ምን እንደነበሩ ማወቅ ያሻል። ሰው ያልደረሰባቸው ምድረ በዳዎች አልነበሩም። እንግሊዛውያን ጎብኚዎች በበረዶ ወራት ወደ ሳንክት ሞሪትስ መምጣት የጀመሩት ገና በ1860ዎቹ ነው። በ1879 በዚያች መንደር የሚገኘው ኩልም ሆቴል የኤሌክትሪክ መብራት አበራ። ዳቮስ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ደረቁንና ቀዝቃዛውን አየር ፍለጋ ከመላው አውሮፓ የሚጎርፉባት ከተማ ሆነች፤ ባቡርም በ1890 ደረሰላት። በ1898 ወደ ጎርነርግራት ሸንተረር፣ በ1904 ወደ ሳንክት ሞሪትስ፣ በ1912 ደግሞ የተራራውን ሆድ ሰንጥቆ 3,454 ሜትር ከፍታ ላይ እስከሚገኘው ዩንግፍራውዮኽ ድረስ ባቡር ወጣ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እንግዶቹ ወደየአገራቸው ሲበተኑ ታላላቆቹ ሆቴሎች ባዶ ቀሩ። ኪሳራው ከመክፋቱ የተነሳ የስዊዘርላንድ መንግሥት በ1915 አዳዲስ ሆቴሎች እንደልብ እንዳይሠሩ ገደብ ጣለ። ሚትልሆልትዘርና ባልደረቦቹ ድርጅታቸውን ያቋቋሙት እነዚህ ሆቴሎች እንግዶቻቸውን መልሰው ለማግኘት በሚታገሉበት ወቅት ነበር።

እንግዲህ የአየር ላይ ፎቶግራፍ ጥበብ ብቻ ሳይሆን እንጀራም ነበር። ከተሞች፣ ፋብሪካዎችና ሆቴሎች ራሳቸውን ከሰማይ ለማየት ይከፍሉ ነበር። ምስሎቹ ፖስትካርድ ሆነው ታተሙ፤ በመጻሕፍትና በመጽሔቶች ወጡ። ኩባንያው ገንዘብ ያላቸውን እንግዶች ራሳቸውን ጭኖ ተራሮቹን በአየር ያስጎበኝ ነበር። ተራራውን የሚያነሳው ሰውና ተራራውን ለጎብኚ የሚሸጠው ሰው አንድ ነበሩ።

ምስሎቹን ትኩር ብሎ ለሚያይ ይህ አይደበቅም። ከፍ ካለ ቦታ፣ በበረዶ ወራት ሲታይ፣ የሰው ልጅ አሻራ እንደ ቀለም ጽሑፍ በነጭ ወረቀት ላይ ይወጣል። ከበረዶ የተጠረገው መንገድ ጥቁር መስመር ይሆናል። ሐዲዱ በድልድይና በዋሻ እየጠፋና እየወጣ ሸለቆውን ይሰፋል። የሆቴሎቹ ጣሪያ በዙሪያቸው ካሉት የገበሬ ጎጆዎችና የድርቆሽ ማከማቻዎች ጎን ሲታይ ግዝፈቱ ጎልቶ ይወጣል። በሐይቁ በረዶ ላይ የተጠረጉት አራት ማዕዘኖች የመንሸራተቻ ሜዳዎች ናቸው። በተዳፋቱ ላይ እንደ ክር የተጠላለፉት ቀጫጭን መስመሮች ደግሞ የበረዶ ሸርተቴ ተጫዋቾች ያለፉባቸው ዱካዎች።

የሰው አሻራ የጎብኚው ብቻም አይደለም። ከመንደሮቹ በላይ በተዳፋቱ ላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው ጫካ የበረዶ ናዳን እንዲያቆም ተጠብቆ የቆየ ነው፤ ስዊዘርላንድ በተራሮቿ ላይ ያሉ ደኖች እንዳይጨፈጨፉ በ1876 በሕግ ደንግጋለች። ጫካ በሌለበት የተደረደረው የድንጋይ ካብም ለዚያው ሥራ የቆመ ነው። ለጎብኚው ጌጥ የሆነው በረዶ ለመንደሩ ሰው በየዓመቱ የሚጠባበቀው አደጋ ነበር። ከሰማይ የተነሳ ምስል ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ያኖራል።

በዚያው ዘመን በሳንክት ሞሪትስ የኖረ ሌላ ታላቅ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ አልበርት ሽታይነር። ሽታይነር ካሜራውን መሬት ላይ ተክሎ ጸጥ ያለውን ሐይቅ፣ ያልተረገጠውን በረዶ፣ ብቻውን የቆመውን ዛፍ ያነሳ ነበር። በምስሎቹ ሰውም ሆቴልም እምብዛም አይታይም። ነገር ግን እነዚያን ምስሎች የሚገዙት በአብዛኛው የሆቴሎቹ እንግዶች ነበሩ። ሰው የሌለበት ተራራም ለሰው የተዘጋጀ ዕቃ ነበር ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሽታይነር ገበያውን ከምስሉ ውጭ ሲያስቀር፣ ሚትልሆልትዘር በከፍታው ምክንያት ሊያስቀረው አለመቻሉ ነው። ከላይ የሚያይ ዓይን ሆቴሉን ዘሎ ተራራውን ብቻ መምረጥ ይቸግረዋል።

በ1928 ስለ አልፕስ በረራዎቹ የሚተርክ በምስል የተሞላ መጽሐፍ አሳተመ። ዓመቱ ለተራሮቹ ልዩ ነበር። በፌብሩዋሪ ሳንክት ሞሪትስ የ25 አገሮች ተወዳዳሪዎች የተሳተፉበትን የክረምት ኦሊምፒክ አስተናገደች። በውድድሩ መካከል ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶውን ስላቀለጠው የ10,000 ሜትር የፍጥነት መንሸራተት ውድድር ተሰረዘ። በዚያው ዓመት መንደሯ በሽቦ ገመድ የሚጎተተውን ባቡሯን ወደ ኮርቪግሊያ ተዳፋት አሳደገች። በ1934 መጨረሻ ደግሞ ዳቮስ ተንሸራታቾችን በገመድ እየጎተተ ወደ ላይ የሚያወጣውን ዘመናዊ መሣሪያ ሥራ አስጀመረች። ከዚያ ወዲህ ለመንሸራተት አስቀድሞ በእግር መውጣት ግድ መሆኑ ቀረ። ተዳፋቱ የብዙኃን መዝናኛ ሆነ።

ከዋልታ እስከ ደቡብ አፍሪካ

አልፕስ ለሚትልሆልትዘር አልበቃውም። በ1923 የሰሜን ዋልታ አሳሹ ሮአልድ አሙንድሰን ላቀደው በረራ ድጋፍ እንዲሰጥ ወደ ስፒትስበርገን የተላከው የዩንከርስ አውሮፕላን ጉዞ አባል ሆነ። አሙንድሰን ዕቅዱን ቢሰርዝም ቡድኑ ጉዞውን ቀጠለ፤ ሚትልሆልትዘርም የዚያችን የአርክቲክ ደሴት በረዶ ከአየር ላይ አነሳ። ከ1924 መጨረሻ እስከ 1925 መጀመሪያ ከዙሪክ ወደ ቴህራን በረረ።

በ1924 ከላዛር ቬክስለር ጋር ሆኖ ፕሬዘንስ ፊልም የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ኩባንያው በረራዎቹን በፊልም ለሕዝብ አቀረበ፤ ከሞቱ በኋላ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስለ ስደተኞች በሠራቸው ፊልሞች ታወቀ፤ ለኦስካር ሽልማትም በቃ። ሚትልሆልትዘር ለእያንዳንዱ ታላቅ በረራ መጽሐፍ፣ ፊልምና ንግግር ማዘጋጀትን ልማድ አድርጎ ነበር። ጉዞው ምስሉን ይወልዳል፤ ምስሉ ደግሞ ለሚቀጥለው ጉዞ ገንዘብ ያመጣል።

ስሙን በዓለም ያስጠራው ዲሴምበር 7 ቀን 1926 ከዙሪክ የተነሳበት በረራ ነው። በውሃ ላይ በሚያርፍ የዶርኒየር አውሮፕላን፣ ከጂኦሎጂ ሊቁ አርኖልድ ሃይም፣ ከጸሐፊው ረኔ ጉዚና ከሜካኒኩ ሃንስ ሃርትማን ጋር በአሌክሳንድሪያ በኩል የዓባይን ወንዝና ታላላቅ ሐይቆችን ተከትሎ ወደ ደቡብ ወረደ። በ77ኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1927፣ ኬፕ ታውን ገባ። በጃንዋሪ 8 ቀን 1930 ደግሞ በኪሊማንጃሮ አናት ላይ በመብረር የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ 5,895 ሜትር ከፍታ ያለውን የዚያን ተራራ በረዶና የእሳተ ገሞራ አፍ አነሳ።

በማርች 1931 አድ አስትራ ባልኤር ከተባለው ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ስዊስኤር ተወለደ። ሚትልሆልትዘር የአዲሱ አየር መንገድ የቴክኒክ ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ በ36 ዓመቱ የአገሩን አየር መንገድ ከሚመሩት አንዱ ነበር።

በኢትዮጵያ ሰማይ

ሚትልሆልትዘር አዲስ አበባ ሲደርስ አውሮፕላን በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ከታየ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በ1929 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1930 ዘውድ ከጫኑ በኋላ አገራቸውን ለማዘመን ከተከተሏቸው መንገዶች አንዱ አቪየሽን ነበር። ተራራና ሸለቆ በሚከፋፍለው፣ መንገድ እንደልብ በሌለው አገር አውሮፕላን የሳምንታትን ጉዞ ወደ ሰዓታት የሚያሳጥር ነበርና ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ተራራ ለለመደው እንግዳ የኢትዮጵያ ደጋ የተገለበጠ አልፕስ ሳይመስለው አልቀረም ብሎ ማሰብ ይቻላል። በአልፕስ ሰው የሚኖረው በሸለቆው ነው፤ አናቱ የበረዶና የጎብኚ ነው። በኢትዮጵያ ግን ሕዝቡ የሰፈረው፣ እርሻውም ቤተ ክርስቲያኑም ያለው በአምባው ራስ ላይ ነው፤ ገደሉና ቆላው ከሥር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱን በካሜራው አስቀረ፤ የዋና ከተማዋን ሕይወትና ሕዝቡንም አነሳ። በዚያው ዓመት ስለ ጉዞው መጽሐፍ ወጣ። በመጽሐፉ ገጾች አውሮፓውያን አንባቢዎች ነጻነቷን ጠብቃ የኖረችውን አፍሪካዊት አገር ተመለከቱ። በኦክቶበር 1935 የፋሺስት ጣሊያን ጦር ድንበሩን ሲሻገር በዚያ ሰማይ ላይ የሚበሩት አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ የጫኑ ሆኑ። ካሜራ ከሰማይ ካየው ምድር ላይ ብዙም ሳይቆይ ሞት ከሰማይ ወረደበት።

በአፍሪካ ያነሳቸው ምስሎች ዛሬ ያለ ጥያቄ አይታዩም። ሚትልሆልትዘር የዘመኑ ሰው ነበር፤ አፍሪካውያንን የሚያይበት ዓይንም አህጉሪቱን በቅኝ ግዛት ከያዘው አውሮፓ አስተሳሰብ የራቀ አልነበረም። በመጻሕፍቱ ነጩ አብራሪ ጀግና ሲሆን የአገሬው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስም የሌለው ትርኢት ነው። በአልፕስ ምስሎቹ የየሆቴሉና የየመንደሩ ስም ተጽፎ ሲገኝ፣ በአፍሪካ ምስሎቹ የብዙዎቹ ሰዎች ስም አልተመዘገበም። የንጉሠ ነገሥቱን ስም ሁሉም ያውቃል። ከፊቱ ቆመው ወደ ካሜራው ያዩት ሌሎቹ ግን የማን አባት፣ የማን አያት እንደሆኑ የሚነግረን ጽሑፍ የለም።

ይህ ምስሎቹን ዋጋ አያሳጣቸውም፤ እንዲያውም ኃላፊነት ይጨምርባቸዋል። ከጦርነት፣ ከስደትና ከጊዜ የተረፉ ናቸውና ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ሊያዩዋቸው፣ ቦታዎቹን ሊለዩ፣ ምናልባትም ፊቶቹን ሊያውቁ ይገባል።

ተራራው የወሰደው

በአፍሪካ በረሃዎች፣ በዋልታ በረዶና በአልፕስ ገደሎች ላይ ለዓመታት የበረረው ሰው የሞተው ከአውሮፕላን ወድቆ አይደለም። ሜይ 9 ቀን 1937 በኦስትሪያዋ ስቲሪያ ግዛት ተራራ ሲወጣ በደረሰበት አደጋ ሕይወቱ አለፈ። 43 ዓመቱ ነበር።

የስዊዘርላንድ ሕዝብ በድንጋጤ ሰማው።  የበረራው ዘመን ከጀግኖች እጅ ወጥቶ የጊዜ ሰሌዳና የትኬት ጉዳይ እየሆነ ነበር። ያም ለውጥ በከፊል የእርሱ ሥራ ነው።

ቀሪው ውርሱ የመስታወት ሰሌዳዎቹ ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎቹ ዛሬ በዙሪክ በሚገኘው የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ተቋሙ ምስሎቹን በዲጂታል መልክ አዘጋጅቶ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት አድርጓቸዋል። በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የ1934ቱን የኢትዮጵያ በረራ ምስሎች ከስልኩ ሊያያቸው ይችላል።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ከዚያው ነጥብ ላይ

በኦገስት 2019 በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ኪራን ባክስተርና ባልደረባው የሚትልሆልትዘርን የሞን ብላን ምስሎች ይዘው ወደ ተራራው ሄዱ። ዓላማቸው ቀላል የሚመስል ግን አስቸጋሪ ነበር፦ ከመቶ ዓመት በፊት ካሜራው የነበረበትን የሰማይ ነጥብ ፈልጎ ከዚያው ላይ ሌላ ምስል ማንሳት።

በሰማይ ላይ ምልክት አይተከልም። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበት ዘዴ ጫፎቹን ማስተያየት ነው። በአሮጌው ምስል ላይ አንዱ ጫፍ ከሌላው ጀርባ የት ላይ እንደሚታይ ይለካል፤ ያ አሰላለፍ የሚገጥመው ከአንድ ነጥብ ሲታይ ብቻ ነው። በሄሊኮፕተር ወጥተው ያንን ነጥብ አገኙ።

ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ድንጋዩ አልተለወጠም፤ ጫፎቹ በቦታቸው አሉ። የጎደለው በረዶው ነው። በ1919 ሸለቆውን ሞልቶ የሚታየው ግግር ዛሬ ሳስቶና አፈግፍጎ፣ በቦታው ግራጫ ድንጋይ ተጋልጧል። ሜር ደ ግላስን ለመጎብኘት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ባቡር የሚወስደው ጎብኚ፣ በኋለኞቹ ዓመታት በረዶውን ለመንካት በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎችን መውረድ ግድ ሆኖበት ነበር። ባቡሩ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ወደ ታች የሸሸው በረዶው ነው።

በ2022 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ከመሬት ላይ የተነሱ ሌሎች አሮጌ ፎቶግራፎችን ተጠቅመው ባወጡት ጥናት የአገሪቱ የበረዶ ግግሮች ከ1931 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ግማሽ ያህሉን መጠናቸውን አጥተዋል። በዝቅተኛ ተዳፋቶች ያሉ የመዝናኛ ስፍራዎች ከሰማይ የማይወርደውን በረዶ በማሽን እየሠሩ ይረጫሉ። ከላይ የሚያነሳ የዛሬ ፎቶግራፍ አንሺ በአረንጓዴና ቡናማ ተራራ መካከል የተዘረጋ ነጭ መንገድ ቢያገኝ፣ ያ መንገድ የሰው እጅ ሥራ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ መራር ነገር አለ። ሚትልሆልትዘር የሚወደውን ተራራ ለዓለም ያሳየው ነዳጅ በሚያቃጥል ሞተር ተሳፍሮ ነው። የመሠረተው ኢንዱስትሪ፣ ማለትም የአየር ጉዞና የጅምላ ጉብኝት፣ ዛሬ ያንን በረዶ ከሚያቀልጡት ምክንያቶች አንዱ ነው። መቶ ዓመት ቆይቶ ምስሉን ለመድገም የሄዱትም በሄሊኮፕተር መሄድ ነበረባቸው። እርሱ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ለኛ ግን አለማወቅ ምክንያት አይሆነንም።

የአልፕስን ምስሎች ሲያነሳ ለታሪክ ማስረጃ እያስቀመጠ እንደሆነ የሚያመለክት ነገር የለም። ለመጽሐፍ፣ ለፖስትካርድ፣ ለሆቴል ደንበኛ፣ ለራሱም ደስታ ነበር የሚያነሳው። ኢትዮጵያ ሲደርስም ያነሳት አገር ከወራት በኋላ በጦርነት እንደምትናጥ አላወቀም። በሁለቱም ስፍራ ካሜራው ያስቀረው ሊጠፋ የተቃረበ ነገር ነበር። ሰሌዳዎቹ ሳይሰበሩ ደርሰውናል፤ በላያቸው ያለውን በረዶ የለካው ተገኝቷል፤ በላያቸው ያሉትን ሰዎች በስማቸው የሚጠራቸው ግን ገና ይጠበቃል።